ሰው አለው?

ሥራዬ ፍተሻ ነው። አንድ ትልቅ የቢሮ ህንጻ በር ላይ ቆሜ የሴቶችን ቦርሳ እከፍታለሁ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቦርሳ ሲበረብር የኖረ እጅ ቤቱ ሲገባም አያርፍም። ጠርጣራ ነሽ ይሉኛል፣ ነኝ። ከምትነጫነጭብኝ ሴት ይልቅ ፈገግ ብላ ቦርሳዋን አስቀድማ የምትከፍትልኝን ደጋግሜ አያታለሁ። ወንድሜ «እቴ፣ አንቺ እኮ ትራስሽንም ሳትፈትሺ አትተኚም» ይለኛል። ብዙም አልተሳሳተም።

ልጄ በሌላ ከተማ ወልዳ እሷን ሳርስ ሰንብቼ ወደ ቤቴ የተመለስኩ ዕለት መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው የወንድሜ እግር ላይ ነው። ሊቀበለኝ ከሶፋው ሲነሳ ሱሪው ከፍ አለና ከጉልበቱ በታች የታሰረ ፋሻ ብቅ አለ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ደረጃ አዳልጦኝ ነው። ልጅቷ ደህና ናት? ሕፃኑስ ማንን ይመስላል?»

ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው። በልጅነቱ ታሞ ዓይኑን ካጣ ጀምሮ አብረን ነው የምንኖረው። የዚህን ህንጻ ደረጃ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል፤ እኔ መብራት ሲጠፋ ግድግዳ ስዳብስ እሱ እያፏጨ ነው የሚያልፈኝ። እሱን ደረጃ አያዳልጠውም። ሻንጣዬን አስቀመጥኩና ቤቱን በዓይኔ መፈተሽ ጀመርኩ።

ከበሩ ጀርባ ወንበሬ ቆማለች። ቀይ ቀለም የተቀባች የብረት ወንበር ናት፤ አንዱ እግሯ ጎማው ስለወለቀ ትነቃነቃለች። ሁሉም ነገሯ እንደተውኳት ነው፣ መደገፊያዋ ላይ ካለው ጭረት በቀር። በጣቴ ነካሁት። ጠመኔ ነው፤ እጄ ላይ ቀረ።

የኛን ግቢ ለማያውቅ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። ለኔ ግን ልክ እንደ ማህተም ነው። የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም የቤት ባለቤቶች ማህበር አለው። ማህበሩ አዳራሽ ስለሌለው ስብሰባው ግቢ ውስጥ ነው፤ ወንበርም ስለሌለው ሁሉም የየራሱን ይዞ ይወርዳል። ከጊዜ በኋላ ሰው ብልጥ ሆነ። ቦታ ልያዝ ብሎ ወንበሩን አስቀድሞ ያወርድና ተመልሶ ይወጣል፤ ከዚያ መውረዱን ይረሳል፣ ወይም የረሳ ይመስላል። ወንበሩ እየወረደ ሰዉ እየቀረ መጣ። ሊቀመንበራችን ደግሞ የድሮ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሁላችንም «ተቆጣጣሪው» ነው የምንለው፣ አንቱ የምንለውም ፊት ለፊት ብቻ ነው። ሲሠራ የኖረው መቀመጫ መቁጠር ስለሆነ እዚህም ሰው መቁጠሩን ተወና ወንበር መቁጠር ያዘ። የቆጠረው ወንበር መደገፊያ ላይ፣ ቲኬት እንደሚቀድ ሁሉ፣ በጠመኔ ጫር ያደርጋል። ድምጽ አሰጣጡንም አሳጠረው፦ «የሚቃወም ይነሳ፤ የተቀመጠ ደግፏል።» ስብሰባው ቶሎ ስለሚያልቅልን ሁላችንም አጨበጨብንለት። ባዶ ወንበር ተነስቶ ሊቃወም እንደማይችል ያን ቀን ያሰበ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ጭረቷ የምትለኝ ነገር ግልጽ ነው። በሌለሁበት ስብሰባ ተደርጓል። ወንበሬ ተገኝታለች። ወንበሬ ደግፋለች። ምኑን ነው የደገፈችው?

«ስብሰባ ነበረ እንዴ?» አልኩት ወንድሜን።

«ነበረ መሰለኝ።»

«ወንበሬን ማን አወረዳት?»

«የምን ወንበር?» አለና ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

እሱ ምን አይቶ ይነግረኛል ብዬ አለፍኩት። ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ ወደ ታች ወረድኩ፤ ከደረጃው ሥር ስደርስ ግን ቆምኩ።

እዚያ ወደ ጀርባው መንገድ የሚያወጣ ጠባብ መተላለፊያ አለ። የጋራ ነው፣ የሁላችንም። ወንድሜ ከኋላችን ባለው ክሊኒክ ስልክ ተቀባይ ሲሆን በየቀኑ ወደ ሥራው የሚሄደው በዚህ ነው፣ ብቻውን። ቀኝ እጁን ግድግዳው ላይ ያደርግና ይገባል፤ ግድግዳው ሲያልቅ በሩ ነው፣ ከበሩ ማዶ የክሊኒኩ የብረት መደገፊያ ነው። በትሩን እንኳ አይዘረጋም። በፊት ለፊቱ በር ከሆነ ግን በዋናው መንገድ መዞር አለበት፤ ክዳን የሌለው ቦይ፣ እግረኛ መንገድ ላይ የቆሙ መኪናዎች፣ ከየት መጡ የማይባሉ ሞተር ሳይክሎች። አንድ ጊዜ ሞክሮት መንገደኛ ነው በክንዱ ጎትቶ ያተረፈው።

በመተላለፊያው መሃል ለመሃል የብሎኬት ግንብ ተገትሯል። ቁመቱ እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ከወዲህ በኩል ባልዲና ሳፋ ተቆልሎ ማለፊያ የለም። የወንድሜ እግር ያረፈው የት ላይ እንደሆነ አሁን ገባኝ።

«እንኳን ደህና መጣሽ!» አለ ከጀርባዬ አንድ ድምጽ። ባለሱቁ ነው። በምድር ቤቱ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣል፦ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ወንበር። የሱቁ ግድግዳ መተላለፊያውን ይዋሰናል። «ልጅሽ በሰላም ተገላገለች? እሰይ! በጣም ደስ ብሎናል!»

ማንን ይዞ ነው «ደስ ብሎናል» የሚለው? ከዚህ ሰው ጋር ሰላምታ እንኳ በስንት ጊዜ አንዴ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ማህበሩ ወስኖ እኮ ነው። ሌባ በዚህ ይገባል ተባለና ይዘጋ ተባለ። ከዚህ ወዲህ ያለችውን ቦታ ደግሞ ለመጋዘን እንድጠቀምባት ፈቀዱልኝ። አንቺም ደግፈሻል።»

«እኔ?»

«ወንበርሽ ከፊት ነበረችኮ!» አለና ሳቀ።

ደሜ ፈላ። ግን ደም ሲፈላ ማስተዋል ይጠፋል፣ ይሄን ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ወደ ቤት ተመለስኩና ሬዲዮውን ዘጋሁት።

«ሥራ ከሄድክ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

ወንድሜ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ። «ግንበኛው መጀመሩን ማንም ሳይነግረኝ ግንቡ ከመታኝ ወዲህ አልሄድኩም። የክሊኒኩ ኃላፊ ‹በዋናው መንገድ ብቻህን እንዳትመጣ፣ አደጋ ቢደርስብህ ተጠያቂው እኔ ነኝ› አለችኝ። ሰው ካደረሰኝ ትቀበለኛለች። ማን ነው የሚያደርሰኝ? አንቺ ማለዳ ወጥተሽ ማታ ነው የምትገቢው። እስከዚያ ስልኩን አንዲት ልጅ ይዛዋለች።»

«እስከዚያ» ያለው ለኔ ብሎ ነው። ስልክ መቀበል ሌላ ሰው ከለመደው በኋላ ማን ይመልስለታል? ይሄ ሰው ብቻውን የሚሄድበት አንድ መንገድ ነበረው፤ እሱን ከወሰዱበት ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ እየሰማ እኔን ሊጠብቅ ነው። እሱም ይሄን ስላወቀ ነው ድምጹ ቀስ ያለው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። ጥበቃውን ጠየቅሁት። «እኔ ወንበር ሲወርድ አያለሁ እንጂ ማን እንደያዘው ልብ አልልም» አለኝ፣ ዓይኑን ሱቁ ላይ ተክሎ። ለምን ወደ ሱቁ ያያል? የጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቅኋት። ምንም ሳልወነጅላት መማል ጀመረች፤ እሷንም በልቤ ጻፍኳት።

በመጨረሻ ተቆጣጣሪው ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠመኔውን በምላጭ ይስላል። የጠመኔ ጫፍ የሚስል ሰው አይቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ በሌለሁበት ወንበሬን የቆጠሩት በምን ሕግ ነው?»

«ወንበርሽ መጣች፣ ቆጠርኳት። አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫ ነው የሚቆጠረው።»

«እዚህ አውቶቡስ ውስጥ ነው ያለነው? ደንባችን የሚለው ‹የተገኙ አባላት› ነው። አባል ካልተገኘ ደግሞ በጽሑፍ ወኪል ይልካል። ወንበር ትወክላለች የሚል የት አለ?»

ጠመኔውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ስሚኝ። ሰው ኑ ስል የሚመጣ ቢሆን ሰው እቆጥር ነበር። የውሃው ፓምፕ ሲቃጠል ስብሰባ ጠራሁ፣ መጣችሁ? ሁላችሁም በመስኮት ነው የምታዩኝ። ወንበር ባልቆጥር ኖሮ እስከዛሬ ውሃ ሳታገኙ ትቀሩ ነበር።»

እውነቱን ነው፤ እሱን ለማመን ግን አልፈለግሁም። «ወንበሬን ማን አወረዳት? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ተሸካሚ አልቆጥርም። በርሽ ተሰብሮ አገኘሽው? አላገኘሽውም። እንግዲህ ቁልፍ ያለው ሰው ነው ያወረዳት» አለና ጠመኔውን መልሶ አነሳ።

ቁልፍ ያለው ሰው።

የቤቴ መለዋወጫ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው። ከፊት ለፊታችን የምትኖረው ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት። ስታመም ሾርባ ያመጣችልኝ፣ ልጄን ፊደል ያስቆጠረች፣ ወንድሜን ጋዜጣ የምታነብለት መምህርት። ደረጃውን ስወጣ ይሄን ሁሉ እያሰብኩ ነበር። በሯ ላይ ስደርስ ግን ሌላ ነገር አየሁ። አዲስ ሰማያዊ ባልዲ፣ የባለሱቁ የዋጋ ወረቀት ሳይላጥ። ከዚህ በፊት አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ሾርባውንም ጋዜጣውንም ረሳሁ፤ ባልዲው ብቻ ታየኝ።

አንኳኳሁ። ስታየኝ እጇን ዘርግታ ልታቅፈኝ ነበር።

«ባልዲው ከየት መጣ?» አልኳት።

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። «እንዴት ነሽ አይባልም? ገዛሁት።»

«ከባለሱቁ?»

«ባልዲ ሌላ ማን ይሸጣል?»

«ወንበሬንስ በስንት ሸጥሽለት?» አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ሌሎች በሮች ገርበብ ሲሉ ሰማሁ፣ አላቆምኩም። «ቁልፌ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው። ወንበሬን አውርደሽ ለዚያ ሰው ሰጠሽው። የወንድሜ እግር ቆሰለ፤ ሥራውን ሊያጣ ነው። አንቺ ደግሞ ባልዲ ይዘሽ ትስቂያለሽ!»

እየሳቀች አልነበረም። ወደ ውስጥ ገብታ ተመለሰችና የቤቴን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። «የኔንም ወንበር እኔ ሳልወርድ ነው የቆጠሯት» አለች ቀስ ብላ። «እንደሁልጊዜው ልኬያት ነው። መተላለፊያው ሊዘጋ መሆኑን የሰማሁት ግንበኛው ሲመጣ ነው። ለዚያ ጥፋተኛ ነኝ። ለሌላው ግን...»

«እቴ፣ ተያት።»

ዞር አልኩ። ወንድሜ በራችን ላይ ቆሟል፤ አንድ እጁ መቃኑን ይዟል።

«ወንበሯን ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ?» አልኩ። ያቺ አንዲት ቃል ከአፌ እንዴት እንደወጣች እሱም ሰምቷታል፣ መምህርቷም ሰምታታለች። የብረት ወንበር ተሸክሞ ሁለት ፎቅ መውረድ እንደሚችል ጭራሽ አላሰብኩም ነበር። የግቢውን ሰው ሁሉ ስፈትሽ እሱን ያለፍኩት አምኜው ሳይሆን አይችልም ብዬ ነው።

«ከመሄድሽ በፊት ‹እኔ ከሌለሁ ያ ተቆጣጣሪ በስማችን የፈለገውን ያደርጋል› ብለሽኝ ነበር» አለ። «ስብሰባ ተብሎ በር ሲንኳኳ ቦታችን እንዳይጠፋ ብዬ ወንበሯን ይዤ ወረድኩ። ጋሼ ከእጄ ተቀብለው አስቀመጧት፤ ጠመኔው ሲጫር ሰምቻለሁ። የእህቴ ናት፣ እኔ አልቀመጥም ብዬ ከጀርባዋ ቆምኩ። የመተላለፊያውን ነገር ሲያነሱና ‹የሚቃወም ይነሳ› ሲሉ፣ እኔ እኮ ከመጀመሪያውም ቆሜ ነበር። ‹ጋሼ፣ ቆሜያለሁ› አልኳቸው። ‹አንተ ባለቤት አይደለህም፤ የእህትህ ወንበር ተቀምጣለች› አሉኝ። ሰዉም ሳቀ። በራሴ እጅ መንገዴን ዘጋሁት። ይሄን እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ወደ መምህርቷ ስዞር በሩ ተዘግቷል። ሳትገጨው፣ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብትገጨው ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ደንቡን እንደገና አነበብኩት። ከባለቤቶች አንድ አምስተኛው ከጠየቀ አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል፤ የጋራ ቦታም ያለ አባላቱ ውሳኔ ለማንም አይሰጥም። በየበሩ እየዞርኩ አስፈረምኩ። ለመፈረም ያንገራገረውን ጠረጠርኩ፤ ቶሎ የፈረመውንም ጠረጠርኩ። «እኔማ መቼ ደገፍኩ! ወንበሬ ናት እንጂ» ያላለኝ የለም። «ታዲያ አሁን ራስህ ትወርዳለህ?» ስለው «እንዴታ!» ይላል፤ እንዴታ የሚል ሰው እንደማይመጣ ደግሞ ከማንም በላይ አውቃለሁ። የመምህርቷን በር አለፍኩት። ምን ፊት ይዤ ላንኳኳ?

የስብሰባው ቀን ጠዋት የፈራሁት ደረሰ። ወንበሮች መውረድ ጀመሩ። የእንጨት፣ የብረት፣ የፕላስቲክ፣ መደገፊያው የተሰበረ፣ እግሩ በሽቦ የታሰረ። ወንበሩን አስቀምጦ «መጣሁ» ያለ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ የውሃ ሽታ ሆነ። መምህርቷም ሳላያት የስፖንጅ ትራስ የተሰፋባትን ወንበሯን አውርዳ ሄዳለች። ከኋላ ደግሞ ነጫጭ የፕላስቲክ ወንበሮች በመስመር ተደርድረዋል፣ ከነላስቲካቸው።

«እነዚህ የማን ናቸው?» አልኩ።

«ቤታቸውን አከራይተው ሌላ ቦታ የሚኖሩ ባለቤቶች በስልክ አደራ ብለውኝ ነው» አለ ባለሱቁ፣ ላቡን እየጠረገ።

ተቆጣጣሪው በየመደገፊያው ጫር ጫር እያደረገ አለፈ። የፕላስቲኮቹ ላይ ሲደርስ እጁ ትንሽ ያዝ አደረገው፤ ከዚያ እነሱንም ጫራቸው። እኔ አልተቀመጥኩም። ስለ ደንቡ ተናገርኩ፣ ስለ ወንድሜ ተናገርኩ፣ ድምጼ እስኪሻክር ተናገርኩ። በየመስኮቱ መጋረጃ ይንቀሳቀሳል። ሁሉም እየሰማኝ ነው፤ የሚወርድ ግን የለም።

«ተሰማ» አለ ተቆጣጣሪው። «መተላለፊያው ይዘጋ የሚለው ውሳኔ እንዳለ ይጽና። የሚቃወም ይነሳ።»

ከተቀመጡት ጥቂት ሰዎች ብዙዎቹ ተነሱ። ምን ዋጋ አለው? በግቢው ሙሉ ወንበር ተቀምጧል። ባለሱቁ ወደኔ እንዳያይ ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። አለቀ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ያን ጊዜ ከጎኔ ቆሞ የነበረው ወንድሜ ክንዴን ለቀቀ። በትሩን ወደፊት ዘርግቶ መጀመሪያ የነካው ወንበር ጋ ቆመ፤ እጁን ዝቅ አድርጎ መቀመጫውን ዳበሰ።

«ሰው አለው?» አለ።

አውቶቡስ ውስጥ ቦታ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያለው፣ በትህትና። መልስ ጠበቀ፤ መልስ የለም። ወንበሩን በጥንቃቄ አንስቶ በጎኑ አስተኛው። ወደሚቀጥለው ሄደ። «ሰው አለው?» ጠበቀ። አስተኛው። ሦስተኛው ላይ እጁ የሰው ጭን ነካ።

«አለው፣ አለው ወንድሜ! እኔ ነኝ» አለ ወፍራሙ መካኒክ፤ ሰዉ ሳቀ።

«ይቅርታ» ብሎ አለፈ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ተቆጣጣሪው። «አንተ ባለቤት አይደለህም! ድምጽ የለህም!»

«ድምጽ አልሰጠሁም፣ ጋሼ» አለ ወንድሜ። «ያን ለታም ቆሜ ዋልኩ፤ ዛሬም ቆሜያለሁ። ደክሞኝ ቦታ እየጠየቅሁ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ይሄን መጠየቅ ክልክል ነበር?»

ወንድሜ ቀጠለ። «ሰው አለው?» አስተኛው። «ሰው አለው?» ነጫጮቹ ፕላስቲኮች ጋ ሲደርስ እጁ ላስቲኩ ላይ ተንሸራተተ፤ «ይሄስ ገና ሻጩ ጋ ነው ያለው» አለና እነሱንም አንድ በአንድ አስተኛቸው። ባለሱቁ አንዱን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል መካኒኩ ተነስቶ ከፊቱ ቆመ፤ ባለሱቁ ቀና አለ።

«ሰው አለው?»

«አለው! አለው! ቆይ፣ እንዳትጥለው!» አለ አንድ ሰው ከላይኛው ፎቅ መስኮት። ወዲያው ደረጃው ላይ የሩጫ ድምጽ ተሰማ፤ በፒጃማ ሱሪ እያለከለከ መጣ። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ሊቀመጥ አለና ወንድሜን አየው፤ ሳይቀመጥ ቀረ። ከሌላ መስኮት ሌላ ሴት ጮኸች። ከዚያ ሌላ። የገዛ ወንበሩ መሬት ላይ ተኝቶ ሲያይ ከመጋረጃ ጀርባ መቆም ያሳፈረው ሁሉ ወረደ። የእጁን ሊጥ ሳይታጠብ የመጣ አለ፤ ሕፃን ያቀፈች አለች። የተኛውን ወንበር ያነሳ እንጂ የተቀመጠ አላየሁም።

ወንድሜ የመምህርቷ ወንበር ጋ ደረሰ። ስፖንጁን ሲነካው እጁ ቆመ። የማን እንደሆነ አውቆታል፤ ጋዜጣ ስታነብለት የሚቀመጥባት ወንበር ናት። ድምጹን ዝቅ አድርጎ «ሰው አለው?» አለ።

ወደ መስኮቷ ቀና አልኩ። መጋረጃው አይንቀሳቀስም። ወንድሜ ጠበቀ፣ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጦ ጠበቀ። ያቺ ሴት ዛሬ ባትወርድ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። በአንድ ባልዲ የስንት ዓመት ጎረቤቴን ሌባ አደረግሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ወንድሜ ሁለት እጁን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አደረገ።

«አለው» አለ ድምጿ። ከመስኮቱ ሳይሆን ከደረጃው በር ነው። ቀስ እያለች መጥታ ከጎኑ ቆመችና ክርኑን ያዘችው። «አስተኛው፣ ግድ የለም። ቆሜ ነው የምሰማው።»

ተቆጣጣሪው ግቢውን ዞሮ አየ። ሰው ሞልቷል፤ የተቀመጠ የለም። ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል ሲያገላብጥ ቆየና ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ሰው ካለማ ሰው ይቆጠራል» አለ፤ በጣቱ እየጠቆመ እኛን መቁጠር ጀመረ። ሕይወቱን ሙሉ ተሳፋሪ ሲለምን የኖረ ሰው፣ ዛሬ አውቶቡሱ የሞላለት መሰለኝ። እሱን መጠርጠሬን ግን አልተውኩም፤ ጠመኔው አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው።

ግንቡ በዚያው ሳምንት ፈረሰ፤ የባለሱቁም ዕቃ ተነሳ። ወንድሜ ቀኝ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ሲሄድ ከደረጃው ሥር ቆሜ አየሁት። ግንቡ የነበረበት ቦታ ሲደርስ እግሩን ከፍ አደረገ፤ የሚያልፈው ነገር እንደሌለ ሲያውቅ ሳቀና ማፏጨት ጀመረ። በሩን አልፎ እስኪሰወር ጠበቅሁት። አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም።

ከዚያ ወደ ላይ ወጥቼ የመምህርቷን በር አንኳኳሁ። ከስብሰባው በኋላ ላመሰግናት ስጠጋ «ለወንድምሽ ነው የቆምኩት» ብላኝ ነበር የሄደችው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

እርምጃዋ ወደ በሩ ተጠጋ፤ በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት የሚታየው ብርሃን ጠፋ። እያየችኝ ነው። በሩ አልተከፈተም፤ እርምጃዋም አልራቀም። ይቅርታ ማለቱ ሲያቅተኝ በየቀኑ በምፈትሽበት በር ላይ ሴቶቹ የሚያደርጉትን አደረግሁ። ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርጄ እሷ እንድታይ ወደ መስታወቷ ከፍ አድርጌ ከፈትኩት፤ ከውስጡ የቤቴን መለዋወጫ ቁልፍ አውጥቼ መዳፌ ላይ አደረግሁና እስክትፈትሸኝ ቆምኩ።